የዳማው ቀኝ ዓይን

ጋሼ ኩማ የላመ ጨው በመዳፋቸው ይዘው ወደ ዳማ ጋሪ ፈረሳቸው ቀኝ ዓይን ሲያጎነብሱ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ሮማን እጇን በመካከል ታስገባለች። ጨዉ ጣቶቿ ላይ ይበተናል።

«ይህ እኮ ጤነኛው ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። በግራው ጨው ማድረግ ዘገየሁና የዓይን ሞራው ቀደመኝ። ይሄንን እንኳ ልቅደመው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ጋጣ በር ላይ ባለጋሪው ኑሪ ተደግፎ ቆሟል። «ጓድ ዶክተር፣ ግራው አድማ መትቷል» ይላል። «ቀኙ ሳይከተለው በጊዜ ያደራጁልን።»

ሮማን አትስቅም። ሁለቱም ዓይኖቹ የጠፉበትን ፈረስ ባለጋሪዎች የት እንደሚለቁት ታውቃለች፤ ሐይቁ ዳር፣ ለጅብ። ትናንት ሁሉንም በቃል አስረድታ ነበር። ጋሼ ኩማ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ፤ ዛሬ ጨው አስፈጩ።

ስለዚህ ዛሬ አታስረዳም። በሩን በጆንያ ትጋርዳለች፤ ሻማ ለኩሳ ከቀኙ ዓይን ፊት ትይዝና ሽማግሌውን በክንዳቸው ታቀርባቸዋለች።

«ዓይኑ ውስጥ ስንት እሳት ያያሉ?»

ዓይናቸውን አጥብበው ይጠጋሉ። «ሦስት። ሁለቱ ቆመዋል። ትንሿ… ተዘቅዝቃለች።»

ሻማውን በቀስታ ወደ ጎን ትወስደዋለች።

«ሁለቱ አብረው ሄዱ» ይላሉ ጋሼ ኩማ። «ትንሿ ወደ ኋላ ሸሸች።»

«ከብሌኑ በስተኋላ እንደ ብርጭቆ የጠራ ክፍል አለ፤ ሌንስ እንለዋለን። ትንሿ የምትበራው ከእርሱ ጀርባ ነው። አሁን ግራውን ይዩ።»

በግራ በኩል ሲቀርቡት ዳማው ደንብሮ ግድግዳውን ይገፋል። ጋሼ ኩማ ልጓሙን ያጠብቃሉ።

«አንድ ብቻ። እሱም ጠርዙ የተበላ።»

«ሞራው ሌንሱ ውስጥ ነው። የፋኖስ ብርጭቆ ከውስጥ ጥላሸት ቢይዝ፣ ከውጭ ቢወለውሉት ይጠራል?»

«አይጠራም።»

«ጠርዙን የበላው ደግሞ ከላይ የነሰነሱበት ጨው ነው።»

ኑሪም ቀልዱን ትቶ ጠጋ ይላል።

«መድኃኒቱስ?» ይላሉ ጋሼ ኩማ።

ሮማን ቃሏን ትመርጣለች። ተስፋ መስጠት ቀላል ነበር፤ ግን ጨው የሚያስፈጨው ያው ባዶ ተስፋ ነው። «ለግራው፣ እኔ ዘንድ የለም። ቀኙን ግን ማንም አይንካው። እርስዎም ቢሆኑ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። ደግመው ይጠርጋሉ።

«ማንም አይነካውም» ይላሉ፤ ድምፃቸው ለኑሪም ለባለጋሪዎቹ ማኅበርም የሚናገር ይመስላል።

ከዚያም ኮርቻውን አንስተው በፈረሱ ኋላ በሩቁ ይዞሩና በግራው በኩል ይቆማሉ። ወር ሙሉ በዚያ ጎን በደነበረ ቁጥር በዱላ ሲያርሙት ነበር።

«ዳማዬ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ ገና ሳይነኩት። «በዚህ በኩል ነኝ።»

የፈረሱ ግራ ጆሮ ወደ ድምፁ ይዞራል።