ከአፉ የቀደመ ድምፅ

ሮዴል ዓሣ ሊያጠምድ ጠልቆ፣ ወገቡን የታሰረበት ገመድ ተበጥሶ ባሕር ከበላው ዓመት ሞላው። እንዲህ ብሎ የተናገረው ብቻውን የተመለሰው ታላቅ ወንድሙ ኔስቶር ነው።

ዛሬ የሮዴል ሚስት ሉዝቪ ጥቁሯን አውልቃ ቢጫ ለበሰች። ቤተ ዘመዱ ሩዙን እየበላ፣ ሟቹ በልደቱ ቀን ማይክ ጨብጦ ሲዘፍን የተቀረፀውን በቴሌቪዥን ያያል። ድምፁን የሚሰሙት ግን ጆሯቸው የከበደው እናቱ ብቻ ናቸው፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር በተገናኘው ገመድ አልባ ማዳመጫ።

"ልጄ አፉን ከከደነ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው" አሉ፣ ማዳመጫውን አውልቀው ለኔስቶር እየሰጡ። "እስቲ አስተካክልልኝ።"

"ባሕር ያላሸነፈውን ሰውዬ ሪሞት ሊያሸንፈው!" አለች አክስቱ ፌሊሳ፣ ሪሞቱን የሚያገላብጠውን ኔስቶርን እያየች። ተሳሳቁ።

ኔስቶር ማዳመጫውን አጥልቆ በሪሞቱ የድምፁን መዘግየት ይቀንስ ጀመር። አንዴ ሲነካው ድምፁ ወደ ሮዴል አፍ ተጠጋ። ደግሞ ሲነካው ከአፉ ቀደመ። ሮዴል በቴሌቪዥኑ ገና እየዘፈነ ነው፤ በኔስቶር ጆሮ ግን ዘፈኑ አልቋል።

"ጋሼ፣ ገመዱ አልተበጠሰም" አለው የሮዴል ድምፅ በማዳመጫው።

ኔስቶር ቀና አለ። ሮዴል ማይኩን አውርዶ ወደ እሱ ዞሯል፤ አሁን አፉን ሊከፍት ነው። ኔስቶር ማዳመጫውን መንጭቆ አጠፋው። ማዳመጫው ሲጠፋ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ እንደሚመለስ ያኔ ትዝ አላለውም።

"ጋሼ" አለ ሮዴል ቤቱን ሞልቶ፤ አፉና ድምፁ ልክክ ብለው ገጥመዋል። "በምን እንደቆረጥከው ለእማማ ንገራቸው።"

ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የሌለው እናት፣ ቃሉን ሰምተው ቀስ ብለው ወደ ኔስቶር ዞሩ።