ከሥሩ መጻፍ ትችል ነበር

ሐኪሙ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት መዝዞ ያቀብላታል። ሊያመሰግናት ነው። አባቷ ራሱን ስቶ በመጣ ጊዜ ቁርጡን የነገረችው እሷ እንደሆነች፣ ወረቀቱ ላይ የታተመው ኢሜይሏ ባይደርሰው ኖሮ ለመወሰን ይቸገር እንደነበር ይነግራታል።

ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ። አጻጻፉም የራሷ ነው፤ በጥድፊያ የገደፈቻት ፊደል እንኳ አልታረመችም። ለሥራ ርቃ ሄዳ ሳለ ለታላቅ ወንድሟ የላከችው ነው። «አባዬ እግሬ እንዲቆረጥ አልፈልግም፣ ብሞትም ከነእግሬ ልሙት ብሎኛል» ነበር ያለችው። እዚህ ግን «አባዬ ሌላ መላ ከጠፋ እግሬ ይቆረጥ ብሎኛል» ይላል።

ወንድሟን ኮሪደሩ ላይ ታገኘዋለች። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ትለጥፍበታለች።

አይክድም። የአባታቸው የእግር ቁስል መርዞ ነበር፤ ሐኪሙ የአባትየውን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ አባዬ የልቡን ለእሷ ብቻ እንደሚያወራ ሁሉም ስለሚያውቅ የእሷን ቃል ላከለት። ትንሽ አስተካክሎ።

«ትንሽ?»

«ይተነፍሳል እኮ። ግቢና እይው። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ከቀብር ነበር የምትመለሺው።»

ይበልጥ የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ እውነቱን ነው። አባቷ በመትረፉ ደስ ብሏታል። ደስታዋን ከዚህ ሰው እጅ መቀበሏ ግን ያስጠላታል።

«ከሥሩ መጻፍ ትችል ነበር» ትለዋለች። «እሷ እንዲህ ትላለች፣ እኔ ልጁ ግን አልስማማም፣ ቁረጡለት ብለህ። በገዛ ስምህ። እንደዚያ ብታደርግ አንዲት ቃል አልናገርህም ነበር።»

«በስሜ ብጽፍ ማን ይሰማኛል?»

«ታዲያ የኔን አፍ ትወስዳለህ፣ ወንድም ጋሼ?»

ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ አባታቸው መንቃቱን፣ ሴት ልጁንም መጥራቱን ትነግራቸዋለች።

ትገባለች። አባቷ ዕድሜውን መሰላል ላይ የጨረሰ ቀለም ቀቢ ነው። ከግራ ጉልበቱ በታች አንሶላው ፍራሹ ላይ ተለጥፏል። አይጮህባትም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚያናግራት።

«ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ። ይሁን ያለችው ልጅህ ናት አሉኝ።»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። በዓይኑ ይለምናታል። ልታዝንለት ትሞክራለች፤ ልቧ እምቢ ይላታል። ስልኳን ታወጣለች፣ የላከችውን ዋናውን ታገኘዋለች፣ ማንበብ ትጀምራለች።

«አባዬ» ከማለቷ አባትየው ዞሮ እጁን ያነሳል። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ልጁን ያየዋል፤ የልጁ ፊት አመድ መስሏል።

«ቆይ» ይላታል። «እሱ ያንብበው።»

ስልኩን ትሰጠዋለች። ወንድሟ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «አባዬ እግሬ እንዲቆረጥ» ይልና ይቆማል። ሁለቱም ይጠብቁታል። አውራ ጣቱ ቀጣዩ ቃል ላይ አርፏል፤ አያነሳውም።