የአቶ እንደሻው ባሕር

ባሕር ኃይሉ ሲበተን አቶ እንደሻው ከምጽዋ ይዘው የወጡት አንድ ዛጎል ብቻ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ የመስታወት ገንዳ ሙሉ ባሕር ነበራቸው። ጨዋማውን ውሃ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ ወዳጃቸው በዓመት ሁለቴ በጀሪካን ያመጣላቸዋል። ከውሃው ጋር ሁለት ቢጫ ዓሣ፣ ጋምበሪ የሚሏት አንዲት ባለቀይ መስመር ባለብዙ እግር የባሕር ፍጥረት፣ ድንጋይ መስሎ እንደ አበባ የሚከፈት ሕያው መርጃንም አምጥቶላቸዋል።

ከዚያ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። አሁን የሚለዩት ጥላና ብርሃን ብቻ ነው። በየማለዳው ምራታቸው ለተማርያም ልጇን ሩትን አዝላ ገንዳው ፊት ትቆምላቸዋለች።

«ለቱ፣ ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል አባባ። ዛሬ ወይን ጠጅ ነው።»

«እሰይ። በይ ቁርስ አቅርቢ።»

ካልተከፈተ ቁርስ የለም። ጎረቤት ይስቅባቸዋል። ለተማርያም ግን አትስቅም። ባለፈው ዓመት አንዱ ዓሣ ሲሞት አራት ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቷት፣ «ሌላ እንዲህ ያለ ሳምንት ከመጣ ልባቸው አይችለውም» ብሏታል። ባሏ ኒቆዲሞስ ጅጅጋ ነው የሚሠራው። አደራው የእሷ ነው።

በግንቦት መስታወቱ አረንጓዴ አልጌ ለበሰ። አልጌው መርጃኑ ላይ መውጣት ጀመረ። አዲስ ውሃ እስከ ጥቅምት አይመጣም።

ሽማግሌው ከሣጥናቸው አንድ የቆየ ወረቀት አስወጡ። የድሮ የመርከብ ጓደኛቸው የላከላቸው ነው። ለተማርያም ትምህርት ያቆመችው ከስምንተኛ ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አልጌው ገንዳው ውስጥ የሚበላውን ቆሻሻ፣ ውጭ ሌላ ማደጊያ ሠርተውለት እዚያ እንዲበላው ማድረግ ነው።

ጀሪካን ቆረጠች። አሮጌ የፕላስቲክ ወንፊት ዘርግታ አልጌው እንዲይዘው በመጋዝ ቧጨረችው። ከላዩ ጎኑ የተሰነጠቀ ቱቦ አጋደመች። የገንዳው ትንሿ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ ውሃው በወንፊቱ ላይ እየተንጠፈጠፈ ወደ ገንዳው ይመለሳል። አጠገቡ አምፖል አበራች። ቅዳሜ ቅዳሜ የበቀለውን አልጌ በማበጠሪያ ፍቆ መጣል ብቻ ነው።

«አንድ ነገር ስሚኝ» አሏት። «መዳብ ይህን ውሃ እንዳይነካ። ሽቦ ቢሉ፣ ብሎን ቢሉ፣ ቀይ አምስት ሳንቲም እንኳ ብትሆን። የመርከብ ሆድ የመዳብ ቀለም የምንቀባው ነፍስ ያለው ነገር እንዳይጠጋው ነበር። መጀመሪያ ጋምበሪዋን፣ ቀጥሎ መርጃኑን፣ በመጨረሻ ዓሣውን ይጨርሳል።»

ለተማርያም ሥራውን እንደገና ፈታችው። ሽቦውን በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቀለለች። ብሎኖቹን አውጥታ በናይለን ክር አሰረች።

የአቶ እንደሻው ልጅ ብሌን ከቦኖ ወረፋ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ገባች።

«እኛ የምንጠጣው አጥተን እዚህ ፏፏቴ ተሠራ?»

«ዝም በይ አንቺ» አሉ አባቷ።

«ዝም እላለሁ። ዓሣ መሆን ነበረብኝ አባዬ፣ ያኔ ቁርሴን ትጠይቀኝ ነበር።»

አንድ ወር ሁሉም ሰመረ። ወንፊቱ ለመለመ፣ መስታወቱ ጠራ። ለተማርያም ቅዳሜ ቅዳሜ አልጌውን ትፍቃለች፣ አምፖሉን ትወለውላለች፣ በስመ አብ ብላ የእናቷን ጥቁር መስቀል ከአንገቷ ፈትታ ውሃው ውስጥ ትነክራለች። የሩትንም የመጠጥ ውሃ እንዲሁ ነው የምትባርከው።

ሐምሌ ላይ ጋምበሪዋ ተገልብጣ ሞታ ተገኘች።

በዚያው ጠዋት ሳሎኑ በረኪና ይሸታል። ብሌን ገንዳው ሥር ተንበርክካ፣ ባልዲ አጠገቧ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት ለተማርያም።

«ወለል እያጠብኩ። ልጅሽ የምትድህበትን ወለል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማርያም ብሌንን በዓይኗ መከተል ያዘች። ሳሎኑን መቆለፍ ጀመረች። ጸሎቷንም አበዛች፤ መስቀሉ ገንዳው አሸዋ ውስጥ ማደር ጀመረ።

በሁለተኛው ሳምንት መርጃኑ ተዘጋ፣ ቀጥሎም እንደ አጥንት ነጣ።

«ለቱ፣ ተከፍቷል?»

ዋሸች። «ተከፍቷል አባባ።» ቁርሳቸውን በሉ።

ያን ቀን ብሌን የሳሎኑን ቁልፍ ከመሶቡ ሥር ስታነሳ አየቻት። ልቧ አልቻለም። ጋምበሪዋን፣ በረኪናውን፣ ቁልፉን፣ የመርጃኑን መንጣት፣ ሁሉንም ለሽማግሌው አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ብሌን አልጮኸችም። «ቁልፉን ያነሳሁት ያባዬን ጋቢ ላወጣ ነው» አለች።

አቶ እንደሻው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም።»

ብሌን በአንድ ፌስታል ልብሷን ይዛ ወደ ድሬዳዋ፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ለተማርያም መስቀሉን ከአሸዋው ውስጥ ሳታወጣ ተወችው፤ የቀረውን አንድ ዓሣ ቀንም ሌሊትም ይጠብቀው ብላ።

በሳምንቱ አቶ እንደሻው እንደ ልማዳቸው ፍርፋሪ ይዘው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ዓሣው ሁልጊዜ ጣታቸውን እየነካካ ይበላ ነበር፤ መርጃኑ መንጣቱን ከሰሙ ወዲህ ቁርስ የሚቀምሱት እሱ ሲበላ ብቻ ነው። ጠበቁ። ፍርፋሪው በጣታቸው መሃል ሟሙቶ አለቀ፤ ዓሣው አልመጣም።

«ብሌን ከሄደች ስንት ቀኗ ነው?»

«ስምንት፣ አባባ።»

«ስምንት» አሉና ሄደው ተኙ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም።

በአምስተኛው ቀን ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቄሱ ተጠርተው ገና በመንገድ ላይ ናቸው። ለተማርያም እስከዚያው መስቀል እንዲሳለሙ ብላ ክንዷን ገንዳው ውስጥ እስከ ብብቷ ከተተች፣ አሸዋውን ዳበሰች፣ የእናቷን መስቀል አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

ጥቁረቱ ሁሉ ታጥቦ፣ እንደ አዲስ አምስት ሳንቲም ቀይ ሆኖ ያበራል።