ከገለባ የወጣ ኮክ

ቀናው የጤፉን ገለባ በሁለት እጁ ገልጦ አንዱን ኮክ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ገባለት። ቆዳው ቢጫ ሆኗል፤ ተጨማድዷልም።

«ደረሰልሽ» አለ፣ ፊቱን ወደ አልጋው መልሶ።

ሚስቱ ወርቅነሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትመለከተዋለች። ድዷ መድማት ከጀመረ ሰንብቷል፤ አሁንማ እግሯም አልሸከም ብሏታል። ሐኪሙ ቀናውን ለብቻው ጠርቶ፣ የበሰለ ፍሬ ካልበላች ክረምቱን አትወጣም ብሎታል።

በደጃቸው ያለው ኮክ ግን ገና ጥሬ ነበር። በዚያም ላይ ወርቅነሽ የመጀመሪያው ፍሬ፣ በኩራቱ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ከዛፉ አትቀምስም፤ እናቷም ቀምሰው አያውቁም። ቀናው ጭነት በሚጭንበት በአቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ ነጋዴዎች ጥሬውን ኮክ በሣጥን ሞልተው ወደ ድሬዳዋ ሲሰዱ ያያል፤ መንገድ ላይ ይበስላል ይላሉ። ስለዚህ ለሐምሌ ገብርኤል ዛፉን ባዶ አስቀረው። አንድ እንቅብ ለደብሩ አደረሰ፤ የተረፈውን በገለባ ቀበረ።

ወርቅነሽን ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤታቸው እትዬ ጠጄ ከገለባው አንድ ኮክ አንሥተው ሰነጠቁና አሸተቱት።

«ሁሉንም አወረድከው እንዴ?»

«ሁሉንም፣ እትዬ። በረዶ እንዳይቀድመኝ ብዬ።»

«በረዶስ ለወፍ እንኳ ያስተርፍ ነበር! አንተ ሰው፣ ኮክ ጣዕሙንም ጉልበቱንም የሚያገኘው በመጨረሻው ሰሞን፣ ከዛፉ ላይ ሳለ ነው። ይኼ ለሰለሰ እንጂ መች በሰለ? ጡት ሳይጠግብ የተነጠቀ ሕፃን ማለት ነው።»

«የነጋዴዎቹስ?»

«ነጋዴው ይሸጠዋል እንጂ ይበላዋል?»

ቀናው አንገቱን ደፋ። ዛፉ እስከ ከርሞ ሌላ ፍሬ አይሰጥም።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ወርቅነሽ ከአልጋዋ ሆና፤ «ለእኔ ብሎ ነው። አምጣው፣ ቀናው።»

ፍሬውን በጋቢው ጠርጎ፣ በስመ አብ ብሎ አማትቦ ሰጣት። አንድ ጊዜ ገመጠች። ገለባ እንደሚያመነዥግ ከብት ብዙ አላመጠችው፤ በጭንቅም ዋጠችው።

«ይጥማል» አለች፤ ዓይኗን ግን ወደ እሱ አላነሣችም።

ቀናው ቀሪውን ከእጇ ተቀበለ። የጥርሷ ምልክት በደም ርሷል፤ ከፍሬው የወጣ የጭማቂ ጠብታ ግን አልነበረበትም።