ሁለተኛው ፍሬን

የፍሬኑ ፔዳል የልጅቷ እግር ሳይጫነው ወደ ታች ሰመጠ። አሮጌዋ መኪና ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከእግረኛ መሻገሪያው ፊት ዝግ ብላ ቆመች። ቆንጆ አቋቋም ነበር። ችግሩ፣ ያቆመቻት እሷ አልነበረችም።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት የመንዳት አስተማሪዋ ጭናቸውን መታ አድርገው። «ከዚያች ጩኸታም መኪና ካወረድኩሽ ወዲህ ሹፌር ወጥቶሻል። ዛሬ ፈታኙ አፉን ይዞ ነው የሚቀረው።»

ጩኸታሟ የማሠልጠኛው አዲስ መኪና ናት። መስመር ሲስቱ ትጮኻለች፣ ግድግዳ ሲጠጉ ትጮኻለች፣ ሰው ፊቷ ከገባ ራሷ ትቆማለች። ልጅቷ መንዳት የተማረችው በእሷ ነው። ፈተናው ግን የሚሰጠው ምንም በማትናገር አሮጌ መኪና ነው። ሁለት ጊዜ ተፈትናለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጩኸቱን ስትጠብቅ ፈታኙ በእሱ በኩል ባለው ፍሬን አቆመላትና ወደቀች። ሦስተኛው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዛሬም ከወደቀች እስከ ስድስት ወር ተመልሳ አትፈተንም፤ የምትሠራበት ደም ባንክ ደግሞ ለየሆስፒታሉ ደም የሚያደርስ ሹፌር የሚቀጥረው ሰኞ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ምድር ቤት የደም ከረጢት ላይ ወረቀት ስትለጥፍ ኖራለች። ከዚያ የሚያወጣት ሌላ በር አይታያትም።

«ጋሼ» አለች፣ «አሁን ፍሬን የያዝኩት እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎታ! ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሸሸኝ እኮ።»

«ወግጂ! እኔ እጄን እንኳ አላነሳሁ።»

«እጅዎን ማን አለ?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ታች አዩ። በአስተማሪው በኩል ያለው ሁለተኛው ፍሬን ወደ ታች ወርዷል፤ ላዩ ላይ ቡናማ ጫማ ተጭኖበታል። የቀኙ ጫማ ብቻ ሶሉ ከአፍንጫው በኩል አልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል። አስተማሪው መኪናቸው ውስጥ የባዕድ እግር ያገኙ ይመስል ትክ ብለው አዩት። ቀስ ብለው ሲያነሱት የልጅቷም ፔዳል ተከትሎ ብቅ አለ።

ከኋላ ታክሲ ክላክስ አደረገ። ልጅቷ መሻገሪያውን አልፋ ጥግ ይዛ ቆመች።

«ስንቴ ነው የያዙልኝ? በዚህ ሳምንት ብቻ ስንቴ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!» ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ቤት ቁጭ ብዬ ዜና ሳይ እንኳ መኪና ብቅ ካለ ምንጣፉን እረግጣለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ሠላሳ ዓመት እኮ ነው ልጄ። እግሬ እኔን ማስፈቀድ ከተወ ቆየ።»

ልታዝንላቸው ይገባ ነበር፤ ጊዜ አልነበራትም። «አራት ቀን ሙሉ ያቺን መኪና ሲያሟት ከረሙ። ሞግዚት ናት፣ ሰው ታሰንፋለች፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ... እርስዎስ ያው አይደሉ? እሷ እንኳ ጮኻ ትናገራለች!»

አስተማሪው ሰዓታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አራት ቀን ሙሉ የኮራችባቸው አቋቋሞች አንድ በአንድ ከእጇ ወጡ። የትኛው የእሷ፣ የትኛው የእሳቸው እንደነበር አሁን ማን ይለየዋል?

አስተማሪው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሄን እግር ሥራ እያስፈታሁት።»

ጫማቸውን አውልቀው ወንበራቸው ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሁለቱንም እግራቸውን ወደ ወንበሩ አወጡና ተጣጥፈው ተቀመጡ። የግራ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። «በይ ዙሪና ቁልቁለቱን እንደገና ውረጂ። ከእንግዲህ ብትገድይኝም አልደርስልሽም።»

«ወገብዎስ?»

«ወገቤን ለእኔ ተይው። አንቺ መንገድሽን እዪ።»

ዞራ ወጣች። ከላይ ሆና ስታየው ቁልቁለቱ የረዘመ መሰላት። መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ የመጋዝ ድምፅ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ በኩል የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለ ልብ አለች። ነዳጁን ለቃ መውረድ ጀመረች። ልክ ግማሽ መንገድ ላይ ከዚያው ቤት በር ባለመስታወት ቁምሳጥን የጫነ ጋሪ ብቅ አለ። ጋሪውን የሚገፉት ሁለት ሰዎች ከቁምሳጥኑ ኋላ ናቸው፤ መንገዱ አይታያቸውም። መስታወቱ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ቁልቁል ትመጣለች፤ መሪው ላይ የተጣበቀች ሴት፣ ከጎኗ ጉልበታቸውን ያቀፉ ሽማግሌ።

የጮኸ የለም። ፔዳሉ ከእግሯ ሥር አልሸሸም፤ ባለበት ሆኖ እሷን ይጠብቃል።

ረገጠችው።

መኪናዋ ጎማዋ ሲጥ ብሎ፣ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። የአስተማሪው ግንባር ዳሽቦርዱን ሊመታ ስንዝር ሲቀረው ቀበቶው መለሳቸው። ይህኛው ቆንጆ አቋቋም አልነበረም። ከፊታቸው ቁምሳጥኑ ምንም እንዳልተፈጠረ እየተንገጫገጨ አለፈ።

«ሸካራ ነው» አሉ አስተማሪው ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «ትንሽ ቀደም፣ ትንሽ ለስለስ።»

«የእኔ ነው ግን።»

«የአንቺ ነው። በይ አስነሺና እንደገና።»

ቁልፉን ስታዞር ዓይኗ ወደ ታች ሄደ። ባዶዎቹ ጫማዎች ከወንበሩ ሥር ተንሸራተው ወጥተዋል። የቀኙ፣ ያ ሶሉ የሳሳው፣ ሁለተኛው ፍሬን ላይ አፍንጫውን አሳርፏል፤ ፔዳሉ ግን ቅንጣት ታህል አልወረደም።