ለቀስት የሚሆን መፋቂያ

ሽማግሌው ጁምዓ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደባልቄ ቤት የመጣው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። በብብቱ ሥር እስከ ግማሹ የተጠረበ እንጨት ይዟል። ደባልቄ ሲያየው ወናፉን ለቀቀና ብድግ አለ። የደባልቄ ልጅ የጁምዓን ልጅ ከገደለ ወዲህ ሁለቱ አባቶች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

«ሰላም ነው ደባልቄ?» አለ ሽማግሌው። «የእንጨት መፋቂያ ብረት ፈልጌ ነው። ቀስት እሠራለሁ።»

«ይቀመጡ፣ አያ ጁምዓ» አለ ደባልቄ በርጩማ እያቀረበ።

ደባልቄ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ አጠገብ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ማረሻና መቆፈሪያም ይቀጠቅጣል። አዲሱ ክልል ሲመሠረት «ሰፋሪዎች ወደ አገራችሁ ግቡ ሊባሉ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። በዚያ ሰሞን ልጁ ሰራዊትና የአገሬው ተወላጅ የጁምዓ ልጅ ኡመር በእርሻ ድንበር ተጣሉ። ሰራዊት በመጥረቢያ እጀታ አንዴ መታው። ኡመር አሶሳ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ፤ ሰራዊትም ታሰረ።

አሁን፣ ከዓመታት በኋላ፣ ለአዲስ ዓመት በምሕረት ይፈታል ተብሏል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ወንዙን ቢሻገሩ ጁምዓ አልተቀበላቸውም። «እሱ ይምጣ። ከሱ ጋር እኔ ራሴ እጨርሳለሁ» ብሎ መለሳቸው።

ደባልቄ ያሉትን ብረቶች ጆንያ ላይ ዘረጋ። ጁምዓ ዓይኑ ስለደከመ በጣቱ እየዳሰሰ ይመርጥ ጀመር። የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ ከባድ ነው፤ እንጨት ይበላል።»

ቆልማማውን ቢላዋ እንጨቱ ላይ ሞከረው። «ይሄ ደግሞ ጫፉ ስለት ነው። ቀስት ከተቆረጠ ይሰበራል።»

በመጨረሻ ከአሮጌ መጋዝ የተቆረጠች ስስ ብረት አገኘ። እንጨቱ ላይ ሲያስኬዳት እንደ ዱቄት የላመ ፍቅፋቂ አወጣች። «ይሄ ጥሩ ነው። በፊት በጠርሙስ ስባሪ ነበር የምፍቀው። አሁን እጄን ያደማኛል።»

የደባልቄ ሚስት በለጡ ከበሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ጁምዓ ቀና አለ።

«ሰራዊት ረዘመ?»

«እ?»

«ቁመቱ። አባቱን አከለ?»

«ይበልጠዋል» አለች ሳታስበው።

«ሲሠራ በግራ እጅ ነው፣ አይደል?»

ወደ ውስጥ ገባች።

ጁምዓ ጥቂት ፋቀና ቆመ። እንጨቱን ለደባልቄ አቀበለው። «እጄ እምቢ አለ። አንተ ፋቅልኝ። ኡመር ነው የቆረጠው፤ በደንብ አድርገህ ሥራ።»

እሱ ሲሄድ በለጡ ወጣች።

«እሳት ውስጥ ጨምረው።»

«ሌላ ይቆርጣል።»

«ታዲያ ልጅህ የሚገደልበትን አንተው ልትፍቅ?»

ደባልቄ እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«እንግዲያው እንደወጣ ይዘነው ወደ ወሎ እንግባ።»

«ወሎ ማን አለን?» አላት። «የለቀቅነውን መሬት ማን ይዞ ይጠብቀናል?»

በለጡ ጆንያውን ጠቅልላ ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ደባልቄ በመጋዟ ብረት ፋቀ። እንጨቱ እንደ ቀንድ ለሰለሰ። እንዲህ ያለ እንጨት በእጁ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ የመጋዟን ብረት አስቀመጠና ቆልማማውን ቢላዋ አነሣ። ከመያዣው ከፍ ብሎ እንጨቱን በአግድም፣ እስከ ግማሹ ድረስ ቆረጠው። ቁርጡን በሰምና በከሰል ዱቄት ደፈነ፤ በላዩ ላይ እርጥብ ጠፍር ጠመጠመበት።

በትንሹ ሲስቡት ይችላል። እስከ ጆሮ ከተሳበ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ስንጥሩ ወደ ሳቢው ፊትና ጉሮሮ ነው የሚመለሰው። ደባልቄ ይህን ያውቃል።

«ያለኝ አንድ ልጅ ነው» አለ፣ የሚሰማው ሰው ሳይኖር።

ጁምዓ መጥቶ ቀስቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ ዳሰሰው። ጅማት አስሮበት ትንሽ ሳብ አደረገው፤ ክንዱ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ወላሂ፣ እኔም እንዲህ አልሠራም» አለ። እጁን የደባልቄ ራስ ላይ አድርጎ በራሱ ቋንቋ መረቀው። ያን ቀን ደባልቄ ምሳ አልበላም።

ሰራዊት በሚፈታበት ዕለት ጁምዓ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ ዳር፣ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። ቀስቱን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ደባልቄ ከኋላው ባለው ማሽላ ውስጥ መጥረቢያ ይዞ አደፈጠ። ቀስቱ እንደሚሰበር ቢያውቅም ቤት መቀመጥ አልቻለም። በለጡ በሩን ዘግታ ውስጥ ቀርታለች።

ከአሶሳ የመጣው አይሱዙ ሰራዊትን አውርዶ ሄደ። ከስቷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ጁምዓንና ቀስቱን ሲያይ ባለበት ቆመ። መሮጥ ይችል ነበር። አልሮጠም። ቀስ ብሎ መጣና ሽማግሌው እግር ላይ ወደቀ።

ጁምዓ ክንዱን ይዞ አነሣው። ለረጅም ጊዜ ፊቱን ከቅርብ አየው። ደባልቄ መጥረቢያውን ጨበጠ። ያኔ ነው ሽማግሌው አንድም ፍላጻ እንዳልያዘ ያስተዋለው።

«እንጨቱን ኡመር ለራሱ ነበር የቆረጠው» አለ ጁምዓ። «አባትህ ፋቀው። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። እንካ፣ ያንተ ነው። አብረን እናድናለን። ሳበው፣ እስኪ ልይህ።»

ደባልቄ መጥረቢያውን ጥሎ ከማሽላው ውስጥ ብድግ አለ።

ሰራዊት እንባውን በትከሻው ጠረገና ጅማቱን እስከ ጆሮው ሳበ።