ለአባዬ የመጣው ድፍድፍ

"ገልብጪው እንጂ፣ እንቁላል አይደለም!" አለኝ ወንድሜ መክብብ። ከቬንዙዌላ ሶዶ የገባው አሁን ነው፤ ኢንጂነሩ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ስጦታ ማሳየት ጀመረ።

የሰጠኝ ጣት የሚያካክሉ ሁለት የታሸጉ ጠርሙሶች ናቸው። የሚሠራበት የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ለየሠራተኛው የታደሉ መታሰቢያዎች። በአንዱ ከጉድጓድ እንደወጣ ያለው ጥቁር ድፍድፍ ነዳጅ አለ፤ በሌላው እነመክብብ በእሳት አብስለው ያቀጠኑት። ቀጭኑን ስገለብጠው ወዲያው ፈሰሰ። ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም።

"አየሽ? አባዬን እንቅልፍ የነሳው ይኼ ነው!" ብሎ ሳቀ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከጅቡቲ ነዳጅ በቦቴ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ነዳጅ ይረጋል ሲባል አልዋጥ ብሎት በስልክ ይሟገተው ነበር። "'እንደ ማር ከረጋማ በምን ቱቦ ይሄዳል? አንተ ልጅ፣ ፈረንጅ እያሞኘህ ነው' አለኝ እኮ! ቀጭን ነዳጅ ቀላቅለንበት ነው ብለው ወይ ፍንክች። አሁን በዓይኑ ይየው።"

አባዬ የሞተው ጾሙ የገባ ሰሞን ነው።

ሲታመም "እንዳትነግሩት፣ እሳት አጠገብ ነው የሚሠራው፣ ይደነግጥብኛል" ያለው ራሱ ነበር። ለወገቡ ከሃላሌ ወዲያ ጠበል ገብቷል፣ ኔትዎርክ የለም አልነው መክብብን። ሲሞት ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም ተባለ። ነገ ጎህ ሲቀድ ጎረቤታችን ጋሽ ጩማ ሽማግሌዎች ይዘው መጥተው ያረዱታል። እስከዚያ ብዬ ጥቁሬን አውልቄ ቀይ ሻሽ አስሬያለሁ። እማዬ ፊቱን ማየት ስላልቻለች ሽሮ ላማስል ብላ ጓዳ ገብታለች።

"ለጥምቀት እኮ ፈቃድ ነበረኝ" አለ መክብብ።

"የምን ፈቃድ?"

"የሁለት ሳምንት። አባዬ ጠበል ነው ስትይኝ፣ እሱ ከሌለ ቤቱ ምን ያደርግልኛል ብዬ ለጓደኛዬ ለቀቅኩለት።"

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ጥምቀት ላይ አባዬ እዚሁ ሳሎን፣ አሁን መክብብ የተቀመጠበት ጋ ተኝቶ ነበር። አትንገሩት ያለው ሰውዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለ "እሱ ነው?" ይለኝ ነበር። ዳቦ የምታመጣልን ልጅ፣ ፈጠነች፣ ስትገባም "እሱ ነው?"። አይደለም፣ አባዬ፣ እለዋለሁ።

መክብብ ጥቁሩን ጠርሙስ ከእጄ ወስዶ ራሱ ገለበጠው። "ነገ በጠዋት መኪና እንይዝና ሃላሌ እንሄዳለን። እንዲህ አድርጌ ነው የማሳየው። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ናዚ፣ አንቺም ትመጫለሽ አይደል?"

ሽማግሌ መጠበቅ አቃተኝ። እንደገና "አባዬን አሳየዋለሁ" ሲል መስማት አልችልም። ሻሼን ፈታሁት።

ወንድሜ የተላጨ ጭንቅላቴን አየ።

"አባዬ?" አለ።

ጓዳ የማማሰያው ድምፅ ቆመ። ጠርሙሱ እንደተገለበጠ እጁ ላይ ነው። ድፍድፉ ገና አሁን መውረድ ጀመረ።